መልስ፦ ለቀበሌ የገባ ማመልከቻ የካሳ ክስ ጊዜን አያቆምም

ለቀበሌው ማመልከቻ አስገብተው መልስ እየጠበቁ ሳለ የክሱ ጊዜ ይቆም እንደሆነ ጠይቀዋል። እናትዎ ባለፈው ዓመት ክረምት በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ክዳን በሌለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ገብተው እግራቸው ስለተሰበረ ካሳ ለመጠየቅ ያለዎት ጊዜ ሁለት ዓመት ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን እንጂ ቀበሌው መልስ ከሚሰጥበት ቀን አይደለም። ይህን የሚደነግገው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ነው። ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) የተቀመጠለት ወንጀል ከሆነ ረዥሙ ጊዜ ተፈጻሚ ይሆናል፤ ሆኖም በዚህ ተስፋ አድርገው እንዲቀመጡ አልመክርም።

ስለዚህ ይርጋውን የሚያቋርጠው ክሱን ፍርድ ቤት ማስገባት ነው። ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑም ይርጋን ያቋርጣል፤ ቀበሌው «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ማለቱ ግን ዕዳን ማመን አይደለም። ሁለት ዓመቱ የሚሞላው በክረምት፣ ፍርድ ቤቶች ለእረፍት በሚዘጉበት ሰሞን አካባቢ በመሆኑ ክሱ ከሰኔ በፊት ቢገባ ይሻላል።

ከክሱ ጋር የሆስፒታሉ የሕክምና ማስረጃ፣ የወጪ ደረሰኞችና የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበት የማመልከቻው ቅጂ ይያያዛሉ። የቦዩን ፎቶግራፍ ግን ዛሬውኑ ያንሡ፤ አንድ ቀን ጠዋት ሊከደን ይችላልና።

አንድ ነገር ልጨምር። «ትንሽ ታገሡ» እየተባለ የሚያመላልስ መሥሪያ ቤት፣ ሲከሰስ ነገረ ፈጁ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው (ፍሬ ነገሩ ከመታየቱ በፊት በሚቀርበው ተቃውሞ) የሚያነሣው «ክሱ በይርጋ ታግዷል» የሚለውን እንደሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ። ድርድሩን ከፈለጉ ክሱ ከገባ በኋላም መቀጠል ይችላሉ።