መልስ፦ ራም ልጨምር ወይስ ኤስኤስዲ ልግዛ?

4 ጊጋ ራም (ማሽኑ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) እና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላለው የተንቀራፈፈ ላፕቶፕ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ግዛ። ከዚያ በፊት ግን ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነህ ታስክ ማናጀርን (ማሽኑ ምን ላይ እንደተጠመደ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ክፈት። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ከቆየ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ ስለሚያወርደው፣ ዲስኩ ሲፈጥን የራሙም ጥበት በከፊል ይቃለላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲገዛ ነው። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (ሳታ የዲስክ ማገናኛ ዓይነት ነው) በሃርድ ዲስኩ ቦታ ልክ ይገባል። ኤም.2 የሚባለው ካርድ መሰል ኤስኤስዲ ግን ያሳስታል፤ መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ አንዱ ሳታ፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ (ከሳታ የተለየ የግንኙነት ዓይነት) ነው። ሳታ ብቻ የሚቀበል ማስገቢያ ላይ ኤንቪኤምኢ ብትሰካ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ጭራሽ አያየውም። ስለዚህ የላፕቶፑን ማንዋል ሳታይ አትግዛ።

የድሮውን ዲስክ እንዳለ ከመገልበጥ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል፤ ለዓመታት የተጠራቀመውን ኮተት ለምን ታዛውረዋለህ? ፋይሎችህን አስቀድመህ ሌላ ቦታ ቅዳ፣ ለዊንዶውስ መጫኛ የሚሆን 8 ጊጋ ፍላሽም አዘጋጅ።

ራሙን በኋላ ወደ 8 ጊጋ ስታሳድግ ዓይነቱን አረጋግጥ፤ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ማስገቢያቸው አይገጥምም። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይማ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ መጨመሪያ ቦታም የለው።