የቁርሱ ሰዓት

ለቱሉ ዲምቱዋ እኅታችን፣

በቱሪዝም ማኔጅመንት ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት እንደሞላሽ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እየተመላለስሽ ቦሌ አካባቢ ባለ የእንግዳ ማረፊያ በእንግዳ ተቀባይነት እንደምትሠሪ፣ ሥራ የጠየቅሽው አስጎብኚ ድርጅትም «እንግሊዝኛ የሚችል ሞልቷል፤ ስፓኒሽ ካለሽ ግን ነገ ነይ» እንዳለሽ ጽፈሽልኛል። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳታቋርጪ ዱኦሊንጎ በተባለው የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያ ከተማርሽ በኋላ፣ ከማድሪድ የመጣ እንግዳ «አ ኬ ኦራ ኤስ ኤል ዴሳዩኖ?» ብሎ የቁርስ ሰዓት ሲጠይቅሽ ደንግጠሽ «አ ላ ኡና» ማለትሽን፣ እሱም ቁርስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት የሚቀርብበት አገር መጣሁ ብሎ ውጭ በልቶ መመለሱን ሳነብ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሳቅሁ። ስፓኒሹ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ሰዓቱ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ያሰብሽውን አንድ ሰዓት እንዳለ አሻገርሽው እንጂ እንግዳው መስማት የነበረበት «አ ላስ ሲዬቴ» ነው።

ጥያቄሽ በስልክሽ ላይ ምን ሌላ መተግበሪያ ልጨምር የሚል ነው። እኔ ግን መጨመሩ አይታየኝም። ዱኦሊንጎ በአብዛኛው ቃላት ደርድሮ ምረጪ ወይም አገጣጥሚ ይልሻል፤ ስለዚህ ያየሽውን መለየት ለምደሻል። በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ግን የሚመረጥ ነገር አይቀርብልሽም፤ ቃሉ ከራስሽ አፍ መውጣት አለበት። በዚያ ላይ በአማርኛ የተዘጋጀ የስፓኒሽ ትምህርት ስለሌለው በእንግሊዝኛ በኩል ዞረሽ ነው የምትማሪው። በቀን ለዐሥር ደቂቃ ከቀጠልሽበት ይበቃል። ያላቋረጥሽባቸው ቀናት ብዛት በሥራ ማስታወቂያ ላይ ተጠይቆ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የጠዋትና የማታው መንገድ ዋነኛው የትምህርት ሰዓትሽ ሊሆን ይችላል። ላንጉዌጅ ትራንስፈር የተባለው ነፃ የድምፅ ትምህርት በስፓኒሽ 90 ክፍሎች አሉት፤ መምህሩ አንድ ነገር አስረድቶ «ይህን እንዴት ትዪዋለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፣ አንቺም ድምፁን አቁመሽ ራስሽ ትመልሻለሽ። ታክሲ ውስጥ ጮክ ማለት ካሳፈረሽ ከንፈርሽን ማንቀሳቀስ አያንስም። ድምፁን መሥሪያ ቤት ባለው ዋይፋይ አውርደሽ መያዝ ትችያለሽ። በዩቲዩብ የሚገኘው ድሪሚንግ ስፓኒሽ ደግሞ መምህራኑ ሥዕል እየሣሉና እጃቸውን እያወናጨፉ በስፓኒሽ ብቻ፣ በቀስታ የሚተርኩበት ነው፤ ቪዲዮ ግን ዳታ ስለሚበላ ለሌሊት ጥቅል ወይም ለዋይፋዩ ተዪው።

ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ተብለው በተዘጋጁት ትምህርቶች ላይ ብዙ ደቂቃ የሚያልፈው አንቺ ከቤትሽ ይዘሽው በወጣሽው ነገር ላይ መሆኑን ልብ በይ። «ኤስፓኛ» ውስጥ ያለው ድምፅ የእኛው «ኝ» ነው። በ«ሁ» እና በ«ኸ» መካከል የሚሰማው ኾታ የሚባለው ፊደላቸውም ምላስሽን አያስቸግረውም። «ፔሮ» ላልቶ ሲነገር «ግን» ማለት ሲሆን «ር» ሲጠብቅ ውሻ ይሆናል፤ «በረረ» ስንል የምናጠብቀውን «ር» ትንሽ አንቀጥቅጠሽ አስረዝሚው። እነሱም እንደ እኛ ተናጋሪውን በግሡ መጨረሻ ስለሚያሳዩ «አብሎ» ብቻውን «እናገራለሁ» ነው፤ «ኡስቴድ» ደግሞ የእኛ «እርስዎ» ነው፣ ለእንግዳም የሚገባው እሱ ነው።

ለማስታወስ የሚረዳሽ አንኪ የተባለው የቃላት ካርድ መተግበሪያ ነው፤ በአንድሮይድ ስልክ ነፃ ነው፣ የረሳሽውን ካርድ ቶሎ፣ ያወቅሽውን ደግሞ ቀኑን እያራቀ ይመልስልሻል። ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወሩትን አምስት ሺህ ቃላት አታውርጂ። በሥራሽ ላይ በሳምንት ውስጥ ከእንግዳ የምትሰሚያቸውን ሃያ ዓረፍተ ነገሮች ራስሽ ጻፊ፦ ሙቅ ውኃ ስለመጥፋቱ፣ ወደ ኤርፖርት ስለሚወስደው መኪና፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ሂሳብ። ከቁርስ እስከ እራት ያሉትን ሰዓቶችም ስድስት ሰዓት ለውጠሽ አስገቢ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ ዋናው ጉድለትሽ እዚህ ላይ ነው። አይቶኪ በተባለው ድረ ገጽ ለአስተማሪ በሰዓት ከፍሎ መማር ይቻላል፣ ነገር ግን ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል። ታንደምና ሄሎቶክ በተባሉት መተግበሪያዎች ላይ ግን ቋንቋ በቋንቋ ትለዋወጫለሽ። አብዛኛው ሰው እዚያ እንግሊዝኛዬን ልስጥ ብሎ ይመዘገባል፤ በእንግሊዝኛ ከለንደኑ ልጅ ጋር መፎካከር ግን አያዋጣሽም፤ የሚያዋጣሽ አማርኛሽን መስጠት ነው። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከመከልከሉ በፊት የስፔን ቤተሰቦች ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን ወስደው አሳድገዋል፤ ከእነዚያ ልጆች መካከል ዛሬ አድገው የተወለዱበትን አገር ቋንቋ መስማት የሚፈልጉ አሉ። ስለዚህ በመግለጫሽ መጀመሪያ ላይ «አብሎ አማሪኮ» ብለሽ ጻፊ። ከሴቶች ጋር ጀምሪ፣ የድምፅ መልእክት ተለዋወጪ፣ ግማሹን ጊዜ በአማርኛ ግማሹን በስፓኒሽ አድርጉት፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ፎቶ የሚጠይቅሽን ሰው አትታገሺው።

ሌላው የስፓኒሽ ምንጭ ከስልክሽ ውጭ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ በተባለችው ደሴት ተምረዋል። ብዙዎቹ ተመልሰው እዚሁ ይኖራሉ፤ በቤተሰብሽ፣ በዕድር ወይም በሥራ ቦታ «ኩባ የተማረ» የሚባል ሰው ብትጠያይቂ ማግኘትሽ አይቀርም። ስፓኒሽ የሚያናግራቸው ስለሚናፍቃቸው አንድ ቡና ያህል ጊዜ የሚከለክሉሽ አይመስለኝም። አነጋገራቸው ግን የቃል መጨረሻ «ስ»ን ስለሚውጥ «ግራሲያስ» «ግራሲያ» ሆኖ ቢሰማሽ ግራ አትጋቢ።

ስለ ጊዜው እውነቱን ልንገርሽ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹ ስፓኒሽን ለሥራ በሚያበቃ ደረጃ እንዲችሉ ከ600 ሰዓት በላይ በክፍል ያስተምራቸዋል። አንቺ በቀን አንድ ሰዓት ብትሰጪው ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ሥራ ነው፤ ከእንግዳ ጋር ለመግባባት ግን ያን ሁሉ መጠበቅ የለብሽም። የስፔኑ ሰርቫንቴስ ተቋም በሚያስተዳድረው ዴሌ በተባለው የስፓኒሽ ችሎታ ፈተና የሚገኘው ምስክር ወረቀት ጊዜው አያልፍበትም፣ ስለዚህ አሁን አትቸኩዪበት።

ከሦስት ወር በኋላ ግን አንድ ነገር አድርጊ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን፣ የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ የሆነውን የትግላችን ሐውልት ሂጂና እዪው፤ ስለ እሱ ሁለት ደቂቃ በስፓኒሽ ተናግረሽ ቅጂ፣ ኩባ የተማረው ሰው ያርምልሽ፣ ከዚያም የታረመውን ድምፅ «ነገ ነይ» ላሉሽ ሥራ አስኪያጅ በቴሌግራም ላኪላቸው።