ስንጥቁን ትተህ እግሩን ለካ

አዳማ በሚገኝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ፋብሪካ በጥገና ክፍል የሚሠራ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ ባለ 40 ባር ፒስተን ኮምፕሬሰራችን ከአንዱ እግር በላይ ተሰነጠቀ። ሁለት ጊዜ አስበየድነው፤ ከብየዳው ጎን እንደገና ተከፈተ። የዚያው እግር ዳዶ በየሳምንቱ ይላላል፤ ከሥሩም ዘይት ያዣል።

ወንድሜ፣ ዘይቱን ስትጠቅስ ጠረጠርኩ። ከእግሩ ሥር፣ በማሽኑና በሲሚንቶው መሠረት መካከል የተሞላው ሙሌት ዘይት ጠጥቶ ደቅቋል፤ እግሩ ማሽኑ በዞረ ቁጥር ይነሣል፣ ይወርዳል። የማሽኑ አካል የተሠራበት ጊዛ (ካስት አይረን) ደግሞ መተጣጠፍ አይችልበትም።

ማሽኑ ቆሞ ሳለ መሠረቱ ላይ ከባድ ብረት አስቀምጥ፤ የዳያል ጌጅህ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳየው መለኪያ) ማግኔት ሲሚንቶ አይዝምና። ጫፉን እግሩ ላይ አሳርፍ። ስልክህን መርፌው ፊት አቁመህ እየቀረጽክ ራቅ ብለህ አስነሣው። መርፌው ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተወዛወዘ እግሩ ለቋል። ከዚያ አቁም፤ ዋናውን ማብሪያ ቆልፈህ ቁልፉን ኪስህ ክተት፤ የሲሊንደሮቹን አየር እስከ ዜሮ አስወጣ። የታፈነ አየር ክራንክ ሻፍት ያዞራል፤ ጣት አይመርጥም። አሁን ያንን ዳዶ ብቻ ፍታ፤ እግሩ ብድግ ካለ ጥርጥሬ ልክ ነው።

ዳዶው ለምን ይላላል? አህያ የጫነ ሰው ያውቀዋል። ጭነቱ በመንገድ ትንሽ ቢረግብም የማይወድቀው ጠፍሩ ተለጥጦ ስለታሰረ ነው። ቡሎንም የሚይዘው ተለጥጦ ነው። ነጻ ርዝመቱ 500 ሚሊሜትር የሆነ ቡሎን በ200 ሜጋፓስካል ሲወጠር ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይለጠጣል፤ ሥሩ 0.05 ሚሊሜትር ቢሰምጥ የሚያጣው ከኃይሉ አንድ አሥረኛውን ነው። እስከ አንገቱ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ 50 ሚሊሜትር ብቻ የተረፈው ግን በዚያው ውጥረት የሚለጠጠው 0.05 ብቻ ነው። ያቺኑ ታህል ሲሰምጥ ምንም አልቀረውም። በየሳምንቱ የምታጠብቀው እንዲህ ያለውን ቡሎን ሳይሆን አይቀርም።

የጥንካሬ ምልክት የሌለው ርካሽ ቡሎንና እንደ ቆርቆሮ የሚታጠፍ ሮንዴላ ከሆነማ አታንሣብኝ። አንድ ጊዜ ሐዋሳ ላይ ከእግር ሥር የታጠፈ የዘይት ጣሳ አውጥቻለሁ፤ በላዩ ቀለም ተቀብቶበት!

ዘይት የጠጣውን ሙሌት ንጹሑ እስኪታይ ጠርበህ አውጣ፤ ቡሎኑን በቱቦ አልብሰህ ነጻ ርዝመት ስጠው፤ በኤፖክሲ ሙላ። የስንጥቁን ጫፍ በቀለም ፍተሻ፣ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ በሚያሳየው ቀለም፣ ፈልግ። ሦስተኛ ብየዳ አታስብ፤ በብረት ስፌት፣ ማለትም ስንጥቁን ያለ እሳት በብረት ችንካር እየሰፋ የሚሠራ ሰው ጥራ። ከሙሌቱ በፊትና በኋላ በክራንክ ሻፍቱ ክንዶች መካከል ጌጅ አስገብተህ፣ ሻፍቱ ሲዞር በመካከላቸው ያለው ርቀት የሚለዋወጠውን ያህል ከአምራቹ መመሪያ ጋር አስተያይ። እጅህን እዚያ ከማስገባትህ በፊት ግን አየሩ ዜሮ መሆኑን እይ፤ ኪስህንም ዳብስ፤ ቁልፉ አለ?