ሲሄዱ 13፣ ሲመጡ 16 ሰዓት ተኩል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እርጉዝ ነኝ፤ እናቴ በሐምሌ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ትኬቷ ላይ ከቦሌ መነሻ 22፡30፣ ዋሽንግተን ዳለስ መድረሻ በማግስቱ 08፡00 ይላል። ባለቤቴ «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው» አለኝ። እኔ ግን አምና ከዚህ በቀጥታ አዲስ አበባ ስገባ 13 ሰዓት ፈጅቶብኛል። የቱ ነው ልኩ? ጉልበቷን ያማታል፤ የምጨነቀው ለዚህ ነው።

መልስ፦ ልጄ፣ አስቀድሞ ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

የእናትሽ ጉዞ 16 ሰዓት ተኩል ነው። ትኬት ላይ መነሻው በቦሌ ሰዓት፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ይጻፋል። በሐምሌ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ባለቤትሽ ባሰላው ላይ 7 ጨምሪበት። በኅዳር ቢሆን 8 ነበር፤ እናንተ ጋ ሰዓት ይቀየራላ።

ርቀቱ ሲኬድም ሲመጣም ያው ነው። በአጭሩ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ታዲያ ሦስት ሰዓት ተኩሉ ከየት መጣ?

ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በረራ ዕቅድ ላይ ነው። በዚህ መስመር ብዙ ሌሊት አስልቻለሁ። ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ሳሳ ይላል። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ ክንፉም በደንብ የሚያነሳው አያገኝም። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ዳለስ ላይ በሚነሳበት ክብደት ቦሌ ላይ አይነሳም። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ ሲጨመርበት ከልኩ ያልፋል። ያለው አማራጭ ነዳጅ ቀንሶ መነሳት፣ መንገድ ላይ አርፎ መቅዳት ነው። ለዚህ ካገለገሉት ከተሞች አንዷ ደብሊን ናት። ዳለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አንቺ የተሳፈርሽበት አውሮፕላን ነዳጁን እንደልቡ ሞልቶ ነው የተነሳው።

ነፋሱም አለ። አትላንቲክ ላይ፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ሲበረታ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አንቺን ከኋላ ገፍቶሻል። እናትሽን ከፊት ይገጥማቸዋል።

ለጉልበታቸው መተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር ያዢላቸው። ዊልቸርም አሁኑኑ አስመዝግቢ፤ ቦሌም ዳለስም ወረፋው ረጅም ነው። በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ትንሽ ይራመዱ፣ ውኃም ይጠጡ።

22፡30 ማለት ከምሽቱ 4፡30 መሆኑን ራስሽ ደውለሽ ንገሪያቸው። ይህን አደራ የምልሽ በምክንያት ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00፡30 የሚል ሰው ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። በረራው ግን ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡30 ሄዷል። ለልጁ ሠርግ ነበር የሚሄደው። እስከዛሬ ፊቱ አይጠፋኝም።

አንድ ወረቀት ላይ ደግሞ በትልልቁ በአማርኛ ጻፊና ከፓስፖርታቸው ጋር ይያዙት፦ «መጀመሪያ ሲያርፍ ለነዳጅ ነው፤ ካልተባልሽ አትውረጂ። ሁለተኛ ሲያርፍ እኔ ውጭ ቆሜ እየጠበቅሁሽ ነው።»