የስፔኑን ፈረስ በእጃችሁ እዩት

ሰሞኑን ስለ አንዳሉሲያን ፈረስ የሚጠይቀኝ ወጣት በዝቷል። ነጫጭ ፈረሶች በሙዚቃ ሲደንሱ የሚያሳየው ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ እየዞረ መሰለኝ። አንዳንዶቻችሁም አውሮፓ ሆናችሁ ፈረስ ጋጣ ውስጥ ልትቀጠሩ ነው። እሰየው። ዕድሜዬን በእንስሳት ሕክምና ስለጨረስኩ የማውቀውን ልንገራችሁ። በዚህ ፈረስ ላይ ሰው የሚያደንቀው ቦታ ሁሉ ሐኪም የሚጠረጥረው ቦታ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ኮርዶባ ከተማ ላይ የቤተ መንግሥት ጋጣ አሠራ። ሄሬዝ በምትባለው የስፔን ከተማ አካባቢ ደግሞ ካርቱዢያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ዘሩን ለረጅም ዘመን ጠበቁት። የተራባው ለጦር ሜዳና ለቤተ መንግሥት ግልቢያ ነው። ሽምጥ ግልቢያ ላይ የእሽቅድምድም ፈረሶች ጥለውት ይሄዳሉ። ጀርባው አጭር ነው፣ አንገቱ ወፍራም ነው፣ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር አስገብቶ ክብደቱን ይሸከማል። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሶምሶማ የሚረግጠው ለዚህ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ሄሬዝ ውስጥ የተመሠረተው የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት የሚታወቀውም በዚሁ ትርዒት ነው።

ጠባዩ ደግ ነው። ቶሎ ይማራል፣ ሰው ይወዳል። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ይኸው ደግነቱ ነው። እያመመውም ይታዘዛል። ስፔን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ "ሴሬታ" የሚባል፣ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ብረት አለ። አንዳንዱ ከውስጥ በኩል ጥርስ አለው። ፈረስ ሲያስረክቧችሁ ጣታችሁን በአፍንጫው አጥንት ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ጎርበጥ የሚል ነገር ካለ፣ ፀጉሩም እዚያ ጋ ነጭ ሆኖ ከበቀለ፣ ማን እንዴት እንዳሠለጠነው ገብቷችኋል ማለት ነው። ሻጩን አትጠይቁት፤ አይነግራችሁም።

ቀጥሎ ወደ አንገቱ ሂዱ። ጋማውን ገልጣችሁ ከላይ ያለውን ሥጋ በእጃችሁ ጨብጡት። ግራና ቀኝ ስትወዘውዙት እሺ ማለት አለበት። ደርቆ አልወዛወዝ ካለ፣ ወይም ከብዶ ወደ አንድ ጎን ከወደቀ፣ ስብ ተከማችቷል። ተመልካቹ "እንዴት ያለ ግርማ ነው!" ይላል። እናንተ ግን ስለ ሰኮናው አስቡ። ይህ ዘር በጥቂት መኖ የሚጠግብ ነው። ለምለም መስክ ላይ ለቃችሁት፣ ገብስ ጨምራችሁለት፣ ቀኑን ሙሉ ጋጣ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ላሚናይቲስ የሚባለው የሰኮና ሕመም ይመጣል። ሰኮናው ይሞቃል። ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ ጣታችሁን ስታሳርፉ የደም ሥሩ ይደልቃል። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ወደኋላ ይደገፋል። በዚያ ሰዓት "ትንሽ ይንቀሳቀስ፣ ይለቀዋል" የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት። አታራምዱት፣ ለስለስ ያለ ነገር አንጥፉለት፣ ሐኪም የዚያኑ ዕለት ጥሩ። መኖውን አስቀድሞ መመጠን ይሻላል፤ ለ500 ኪሎ ፈረስ በቀን ከ7.5 እስከ 10 ኪሎ ድርቆሽ ይበቃዋል። ገብሱ ለብዙዎቹ ትርፍ ነው።

ነጭነቱስ? አብዛኛው ጠቆር ብሎ ወይም ዳማ ሆኖ ይወለዳል፣ ከዓመታት በኋላ ነው አምባላይ የሚሆነው። እንዲህ እየነጣ የሚሄድ ፈረስ 15 ዓመት ካለፈው በብዛት ሜላኖማ የሚባል የቆዳ እጢ ያወጣል። እጢው የሚደበቀው ጭራው ሥር ነው። ስለዚህ ስትቦርሹት ጭራውን አንሱ። ጥቁር፣ ጠጣር፣ አተር የሚያክል እብጠት ካገኛችሁ ለክታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንም ጻፉ። ብዙው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ቢሆንም ዝም አይባልም።

ሌላ አንድ ነገር፣ በተለይ ሐኪም ለምትሆኑት። ስፔን ውስጥ ወንዱን አለማኮላሸት የቆየ ልማድ ነው። ድንጉላ ፈረስ ሆዱን ቆርጦት ሲንከባለል ካያችሁ ሆዱን ብቻ አዳምጣችሁ አትመለሱ። የዘር ፍሬ ከረጢቱን ዳብሱ። አንዱ ጎን አብጦ ከቀዘቀዘ አንጀት ወርዶ ታንቆ ሊሆን ይችላል። ያ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ነገ የሚባል ነገር የለውም። አፍረው ሳይዳብሱ የሚያልፉ ጀማሪዎች አይጠፉም።

አንዱን አገር ቤት ማስመጣት ይቻላል ወይ ላላችሁኝ ደግሞ፣ በኔ በኩል መልሱ አይሆንም ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ከናሚቢያ ማድሪድ አካባቢ ወደሚገኝ የአራዊት ፓርክ የገቡ የሜዳ አህዮች የአፍሪካ ፈረስ በሽታን ይዘው ገቡ። ወረርሽኙ እስከ 1990 ድረስ ስፔንን አስጨነቀ። በሽታውን የሚያዛምቱት ደም የሚመጡ ጥቃቅን ትንኞች ናቸው፣ ቫይረሱም ዘጠኝ ዓይነት አለው። የሜዳ አህያዋ ብዙም ሳትታመም ተሸክማው ትሄዳለች። ፈረስ ግን ይሞታል። በሽታው እኛ አገር አለ። ከአውሮፓ ጋጣ የወጣ ፈረስ ደግሞ በሽታውን አይቶት አያውቅም። ባለገንዘብ ሰው ቢያማክራችሁ ይህን ንገሩት። ፈረሱን ማየት ከሆነ የፈለገው ሄሬዝ በግንቦት የፈረስ በዓል አላት፣ ሴቪያም በኅዳር ትልቅ ትርዒት ታሳያለች። የአውሮፕላን ትኬት ይረክስለታል።