የመሬት ሆድ እስካሁን ለምን አልበረደም?

ጥያቄ፦ መሬት ቀልጣ ከጀመረች 4.5 ቢሊዮን ዓመት ሙሉ እንዴት ሳትበርድ ቆየች? ለተማሪዎቼ «ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ስለሚያሞቋት ነው» እላቸዋለሁ። ይበቃል? (የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ግማሹን ነግረዋቸዋል። ሌላው ግማሽ አለት ሙቀት ለማሳለፍ ያለው ዳተኝነት ነው፤ ይህን ደግሞ ሰሌዳ ላይ ማስላት ይቻላል። የአለቱን ውፍረት በሜትር ይውሰዱ፣ በራሱ ያባዙት፣ ከዚያ ለ32 ያካፍሉት። የሚያገኙት የሙቀት ለውጥ ያን ውፍረት ለማለፍ በግርድፉ የሚፈጅበትን ዓመት ነው። ለ10 ሜትር 3 ዓመት፣ ለ1 ኪሎ ሜትር 31 ሺህ ዓመት፣ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይወጣል። ከገጽ እስከ መሃል ያለውን 6,371 ኪሎ ሜትር ካስገቡ ግን ከአንድ ትሪሊዮን ዓመት ያልፋል። ሙቀት የሚወጣው በዚህ መንገድ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመሬት እምብርት ገና መብረዱን እንኳ አልጀመረም ነበር።

የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1862 የመሬትን ዕድሜ ያሰላው በዚሁ መንገድ ነው። መነሻ ሙቀቷን 3,900 ዲግሪ ሴልሺየስ አደረገ። በጉድጓዶች ውስጥ ሙቀቱ በኪሎ ሜትር 36 ዲግሪ ገደማ እንደሚጨምር ወሰደና 98 ሚሊዮን ዓመት አገኘ። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት ስሌቱን ያፈረሰው የራዲዮአክቲቭ ግኝት ነው ይላሉ፤ በእኛ እምነት ይህ ልክ አይደለም። የራሱ ረዳት የነበረው ጆን ፔሪ ራዲዮአክቲቭነት ከመታወቁ በፊት፣ በ1895፣ ስህተቱን አግኝቶት ነበር፤ ኬልቪን የመሬትን ውስጥ የማይንቀሳቀስ ጠጣር አድርጎ ነው ያሰላው። ገንፎ ካልተነካ ላዩ በርዶ መሃሉ አፍ ያቃጥላል፤ ካማሰሉት ግን የመሃሉ ትኩስ እየወጣ ላዩን ቶሎ እንዳይበርድ ያደርገዋል። ከቅርፊቱ በታች ያለው ማንትልም ጠጣር ቢሆንም በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየፈሰሰ ራሱን ያማስላል። ማረጋገጫ ከፈለጉ በኬልቪን ቀመር 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያስገቡ፦ ሙቀቱ በኪሎ ሜትር 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ሲጨምር ያገኙታል። በተግባር የሚለካው ግን በአብዛኛው ከ25 እስከ 30 ነው።

ወደ ራዲዮአክቲቩ ስንመለስ፣ ከመሬት ገጽ ከሚወጣው 46 ትሪሊዮን ዋት ገደማ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የዩራኒየም፣ የቶሪየምና የፖታሲየም ነው፤ የቀረው መሬት ስትፈጠር የያዘችው የጥንት ሙቀት ነው። ምንጩም እየደከመ ነው። ዩራኒየም 238 ከመነሻው ግማሽ ያህሉ ቀርቷል፤ ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ ተበታትኖ የሚያልቅበት ጊዜ) 1.25 ቢሊዮን ዓመት የሆነው ፖታሲየም 40 ግን ከ12 እጅ አንዱ ብቻ ነው ያለው። ማንትሉ አሁን በቢሊዮን ዓመት ከ50 እስከ 100 ዲግሪ ይቀዘቅዛል ተብሎ ይገመታል። የቀድሞውን ሙቀት የሚመሰክር ድንጋይም አለ፦ በደቡብ አፍሪካ ባርበርተን አካባቢ የሚገኘው ኮማቲያይት የተባለው የላቫ ድንጋይ ከ3 ቢሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት ሲፈስ 1,600 ዲግሪ ይደርስ ነበር። የዛሬው የኤርታ ኣሌ ላቫ 1,200 ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ 46 ትሪሊዮን ዋት እንዴት ተለካ?

መልስ፦ በቴርሞሜትርና በድንጋይ ናሙና። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የቁፋሮ ጭቃው አለቱን ስለሚያቀዘቅዝ ወይም ስለሚያሞቅ ሙቀቱ እስኪረጋጋ ይጠበቃል። ከዚያ ቴርሞሜትሩ እየወረደ በየጥልቀቱ ይነበባል፣ የወጣው ድንጋይ ሙቀት የማሳለፍ አቅም ላቦራቶሪ ውስጥ ይለካል፣ ሁለቱ ይባዛሉ። በኪሎ ሜትር 25 ዲግሪ እና 2.6 ዋት በሜትር በዲግሪ ካለ፣ ውጤቱ በካሬ ሜትር 65 ሚሊ ዋት ነው። የላይኛው 15 ሜትር ያህል በጋና ክረምቱን ስለሚከተል አይታመንም። ከሁሉ የከፋው የሚንቀሳቀስ የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ሙቀቱን በጎን ይዞት ይሄዳል። በወጣት የባሕር ወለል ላይ በተለይ ቴርሞሜትሩ ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ፣ የጎደለው በስሌት ይሞላል። የየቦታው ውጤት በመሬት ገጽ ስፋት ተባዝቶ ሲደመር 46 ትሪሊዮን ዋት ገደማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እምብርቷ ጨርሶ የሚጠጥረው መቼ ነው?

መልስ፦ ይህ ሳይሆን የፀሐይ ዕድሜ ይቀድማል። ጠጣሩ የውስጥ እምብርት በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ያድጋል፤ እስካሁን ከጠቅላላው እምብርት 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የያዘው። ፀሐይ ደግሞ ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ታብጣለች።

ጥያቄ፦ ከአሉቶ እንፋሎት ስናወጣ ሙቀቱ አያልቅም? (ከባቱ)

መልስ፦ ለመሬት ምንም አይደለም፤ ለጉድጓዱ ግን ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረው የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጫ 7.3 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከሙቀቱ አንድ አሥረኛው ወደ ኤሌክትሪክ ይቀየራል ብንል 70 ሜጋ ዋት ያህል ሙቀት ይፈልጋል። በመሬት አማካይ ፍሰት (በካሬ ሜትር 90 ሚሊ ዋት ገደማ) ይህን ለመተካት 800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያስፈልጋል፤ ስምጥ ሸለቆው ከአማካዩ ቢበልጥም የሚቀዳው በዋናነት የተከማቸው ነው። ክምችቱ ግን ትልቅ ነው፦ 1 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር አለት በ1 ዲግሪ ብቻ ሲቀዘቅዝ ለዚህ ማመንጫ የአንድ ዓመት ሙቀት ይሰጣል።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ውኃውና ግፊቱ ነው። ስለዚህ ያገለገለው ውኃ ወደ ከርሰ ምድር ይመለሳል፤ ችግርም እዚህ ላይ ይመጣል። የመመለሻው ጉድጓድ ከቀረበ ቀዝቃዛው ውኃ በስንጥቅ አቋርጦ የማምረቻውን ጉድጓድ ያበርዳል፤ ከራቀ ግፊቱን አይደግፍም። ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ ከተመለሰ ደግሞ በውስጡ የሟሟው ሲሊካ እየረጋ ቧንቧውንና ስንጥቁን ይደፍናል። ስለዚህ ርቀቱ ከመወሰኑ በፊት ምልክት የሚሆን ኬሚካል ከውኃው ጋር ይለቀቅና በየትኛው ጉድጓድ፣ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚወጣ ይለካል። በጥቂት ቀናት ከታየ ቦታው ይቀየራል።