የወረሱት ክታብ ካልተፈታ

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት ጥቅል ክታብ በጣም ደርቆ አልፈታ አለኝ። ውሃ አርከፍክፌ ልዘርጋው? በመስታወት ማሳቀፍስ ይቻላል?

መልስ፦ ውሃ በፍጹም አያስነኩት! ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻና ከሙጫ የተበጠበጠ ስለሆነ ወዲያው ይለቃል። ካውያና ፀሐይም ብራናውን ያኮማትሩታል፤ የተኮማተረ ብራና ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም።

የሚያስፈልገው እርጥበት ያለው አየር ብቻ ነው። ክዳን ባለው ሰፊ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ በሳህን ያስቀምጡ፤ ክታቡን ከስፖንጁ አርቀው፣ ከፍ ባለ ነገር ላይ ያኑሩት። በየሰዓቱ እየከፈቱ ይዩት። ሲለሰልስ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ይፍቱ፣ እምቢ ካለ ይመልሱት። ሌሊቱን አያሳድሩት፣ ሊሻግት ይችላል። ብዙ ጊዜ ክታብ ከሁለት ወይም ከሦስት ቁራጭ ብራና የተሰፋ ነው፤ ቶሎ የሚቀደደው ስፌቱ ላይ ስለሆነ እዚያ ሲደርሱ ከሥር በእጅ ይደግፉት። የመላእክቱ ሥዕል ቀለም እየተቀረፈ ከሆነ ግን ያቁሙና ለብራና ጥገና ባለሙያ ይስጡት።

እንደተፈታ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሱት። የባለቤቱ የክርስትና ስም የተጻፈበት ቦታ ተፍቆ ሌላ ስም ገብቶበት ሊያገኙ ይችላሉ፤ ክታቡ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው መተላለፉን የሚያሳይ ውድ ማስረጃ ነውና እንዳያጸዱት።

ማሳቀፉን አንመክርም፤ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዛል፣ መስታወቱም ከሥዕሉ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። በወፍራም የካርቶን ቱቦ ላይ ላላ አድርገው ጠቅልለው በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይሸፍኑት። የቆዳ ማኅደሩን፣ ክሩን ጭምር፣ ለብቻው ያስቀምጡ። ላሚኔሽንና ፕላስተር አይታሰቡ።